የከፋዩ ስም

ቂርያት ጋት፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2022

ለወንድሜ ልጅ ለማንአለብሽ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ጀምሯል፤ ደረጃ ውረድ ስለው ይወርዳል፣ ውጣ ስለው ይከራከረኛል። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ። ደብዳቤሽ በጎረቤቴ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ከመብራት ሒሳብ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ ጎረቤቴ ደግሞ የመብራት ሒሳብ ለመክፈት የሚቸኩል ሰው አይደለም።

አብራሽ የምትኖረው ልጅ «ስልክ እያለ ምን ያጻጽፋችኋል?» ብላ ሳቀችብሽ አይደል? እንዲህ በያት፦ አጎቴ አግደው ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም፤ ፊደል የቆጠረው ሱዳን መጠለያ ውስጥ፣ አንድ ተማሪ በካርቶን ላይ በከሰል ጽፎለት በሄደው ነው፤ እንዲያ ለፍቶ ያገኘውን በስልክ አያባክንም በያት። ደግሞስ በስልክ ዝም ሲሉ ያስታውቃል።

ለስግድ በዓል ኢየሩሳሌም ወጥቼ ነበር። ሰው ሁሉ አንቺን ጠየቀኝ። «ሰሜን ሄዳለች፣ ትልቅ ፋብሪካ ገብታለች» አልሁ። «ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ምስጢር ነው» አልሁ። ኩራቴን ብታይልኝ! ምን እንደምትሠሪ ለአንቺም ገና እንዳልነገሩሽ ግን ለማንም አልተነፈስሁም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ነገሩ ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ምስጢር ለማየት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ ሲቩግ የሚሉትን፣ ከመስጠታቸው በፊት ኢንባል የምትባል መርማሪ አስቀምጣ ጠየቀችሽ። ኤልሞግ ባልሽ በነበረ ጊዜ በአንቺ ስም ቼክ እየጻፈ ጎማ ቤት እንደ ከፈተ፣ ጎማ ቤቱ ሲዘጋ ቼኮቹ እንደ ተመለሱ፣ የባንክ ሒሳብሽ እንደ ታገደና ነገሩ ዕዳ ማስፈጸሚያ ቢሮ እንደ ደረሰ አንድም ሳትደብቂ ነገርሻት። እሷም ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ማን ከፈለው?» አለችሽ። አንቺም «አላውቅም» አልሽ። እውነትሽን ነው፤ አታውቂም። አንድ ቀን ቢሮው ስትሄጂ «ተከፍሏል፣ ፋይሉ ተዘግቷል» ብለው ሰደዱሽ። ያኔ እልል ያልሽበት ነገር ዛሬ እንቅፋት ሆነብሽ።

እኔ አውቅ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? ነቢዩ ኤልያስ በዚያ ሲያልፍ ሰልፉ አጭር ሆኖ አግኝቶት ይሆናል። ደግ ሥራ ሠርተሃል ተብሎ ሰው የሚፈለግበት አገር እኔ የማውቀው ይህ ብቻ ነው።

ሌላ ወሬ የለም። ስለ ታችኛዋ ሴትዮ እንዳልጽፍልሽ ከልክለሽኛል። ስለዚህ አንደኛ ፎቅ የምትኖር፣ የማንም እናት ያልሆነች፣ ስም የሌላት አንዲት ሴትዮ ሳል እንደ ያዛት አልነግርሽም።

ብርድ ልብስ ደርቢ። የሰሜን ብርድ ዘመድ አያውቅም።

አጎትሽ አግደው

&nbsp;

ካርሚኤል፣ ዲሴምበር 12 ቀን 2022

ለአያ አግደው፤

ጉልበትዎ ታርቆዎት ይሆን? ቅባቱን በፖስታ ልኬልዎታለሁ። የሚቀባ ነው፤ እንዳይጠጡት። እንዲህ የምልዎት ባለፈው ጊዜ ያደረጉትን ስለማስታውስ ነው።

እንዴት ነሽ ላሉኝ፣ ደህና ነኝ። ፈቃዱ እስኪመጣ የምቀመጠው ከዋናው በር አጠገብ ባለች ክፍል ነው። አንገቴ ላይ ቀይ ባጅ አለ። ቀይ ባጅ ያለው ሰው ብቻውን አይንቀሳቀስም። ሽንት ቤት እንኳ ስሄድ ኔታ የምትባል ልጅ ታደርሰኝና ውጭ ቆማ ትጠብቀኛለች። ደግ ልጅ ናት፤ እንዳላፍር ብላ ቆማ ትዘፍናለች። ወደ ሻይ ክፍሉ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ክፋት አይደለም፣ ሥራቸው ነው። ከዚያ አንዱ ስለ አየሩ ያነሣልኛል። ስለ ካርሚኤል ዝናብ አሁን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ስለ ሌላ ነገር ግን ከማንም ጋር ሳላወራ ሳምንቱ ያልፋል።

ኢንባል ድጋሚ አስጠርታኝ ነበር። ክፉ ሴት አይደለችም። «ዕዳ የነበረበት ሰው ብዙ ነው» አለችኝ። «በዕዳ ብቻ በር አንዘጋም። ደብቀሽ ቢሆን ነበር የሚያስፈራኝ፤ አልደበቅሽም። ግን አንድ ሰው ያን ሁሉ ብር በጥሬው ከፍሎልሽ ስሙን ሳይናገር ሄዷል። ነገ መጥቶ ውለታዬን መልሺ ቢልሽ፣ ገንዘብ ሳይሆን እዚህ ያየሽውን ቢጠይቅሽ፣ ምን ትይዋለሽ?» በእኛ ዘንድ እኮ ሰው ደግ ሲሠራ ስሙን የሚሸሽገው ተቀባዩ እንዳይሸማቀቅ ነው። ይህን ላስረዳት ሞከርሁ። ጻፈችው። ሲጻፍ ግን ሌላ ነገር መሰለ።

ለእርስዎም ይደውላሉ። አደራዎን፣ የሚያውቁትን ብቻ ይንገሯት። አይቀልዱባት።

ስለ ኤልሞግ እናት የጻፉትን አይቻለሁ። ያልጻፉ መስለው መጻፍዎን ማለቴ ነው። ሳሉ እንዲለቃቸው እመኛለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠብቁብኝ። እኔንና ኤልሞግን ሊሸመግሉ የመጡት ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ቼኩን የጻፈው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው «ልጄ ነው፣ እናት ነኝ፣ ምን በይ ትሉኛላችሁ?» ብለው አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን እያወቁ። አንድ ቃል ቢናገሩ ኖሮ ያ ሁሉ ነገር በእኔ ጫንቃ ላይ አይቀርም ነበር። በዘመዳችን በረዑት ሰርግ ላይ ሊስሙኝ ሲመጡ ፊቴን አዞርሁ። እርስዎ አይተው ተቆጡኝ። አሁንም ቢሆን አዞረው ነበር።

የምታከብርዎት
ማንአለብሽ

&nbsp;

ቂርያት ጋት፣ ዲሴምበር 29 ቀን 2022

ለምስጢረኛዋ የወንድሜ ልጅ፤

ቅባቱ ደርሷል፤ አልጠጣሁትም። አሽትቼው ግን ነበር፣ ለመጠጥም አይከፋም።

የምስራች! ተደወለልኝ፣ ነገሩንም ጨረስሁልሽ። እንዴት እንደ ነበረ ልንገርሽ።

«አግደው የምትባለው አንተ ነህ?» አለች በዕብራይስጥ።

«ነኝ። አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«ምን አልህ?»

«አባትሽ ማን ይባላል ነው የምልሽ። ማን እንደሆንሽ ሳላውቅ ስለ ወንድሜ ልጅ እንዴት አወራሻለሁ?»

«ሞርደካይ ይባላል፣ አሽዶድ ነው ያለው» አለችኝ።

«በጤናው ነው?»

«ስኳር አለበት።»

«ዳቦ ይቀንስ፤ አግደው ብሎሃል በይው።»

እንዲህ ተዋወቅን። ስለ አንቺ ጠባይ ጠየቀችኝ፤ «ግትር ናት፣ አትሰርቅም፣ ወጥ ጨው ታበዛበታለች» አልኋት። ስለ መጠጥ ጠየቀችኝ፤ «የእኔን ነው የእሷን?» አልኋት። በመጨረሻ ወደ ነገሩ መጣች።

«ዕዳዋን ማን እንደ ከፈለ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? ገንዘቡን ከየት አገኘኸው?»

«ዶሮ እያረባሁ።»

«የት ነው የምታረባው?»

«አራተኛ ፎቅ፣ ሳሎን።»

አልሳቀችም። ስትጽፍ የጣቷ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ዶሮውን ጻፈችው መሰለኝ። ወዲያው «ቀልዴን ነው፣ ከጡረታዬ አጠራቅሜ ነው» አልኋት። እሱንም ጻፈች።

አየሽ? ስም ፈለገች፣ ስም ሰጠኋት። አጎት ለወንድሙ ልጅ ቢከፍል ማን ምን ይላል? ውለታ መልሺ ብዬ ብመጣብሽም የምጠይቅሽ ቢበዛ ሌላ ቅባት ነው። እውነት እርስዎ ነዎት ወይ ብለሽ ደግሞ እንዳትጽፊልኝ። አንዳንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ለጤና ይበጃል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። አክስትሽ ከሞተች ወዲህ ሰው እንዲህ ረጅም ጊዜ በስልክ አላዋራኝም። ስትዘጋው ትንሽ ከፋኝ። ተመልሳ ትደውል እንደሆነ ብዬ ስልኩን መጸዳጃ ቤት ድረስ ይዤው ገባሁ።

የዶሮው ባለቤት
አግደው

&nbsp;

ካርሚኤል፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2023

አያ አግደው፤

ሰላምታዬን ሌላ ጊዜ እልካለሁ።

እነ ኢንባል የጡረታዎን መዝገብ አይተዋል። ዕዳው በተከፈለበት ዓመት የቤትዎን ጋዝ በዱቤ ይወስዱ እንደ ነበር እኔ ራሴ አውቃለሁ፤ ዱቤውን የከፈልሁት እኔ ነበርሁና። ያን የሚያህል ገንዘብ ከዚያ ጡረታ አይወጣም።

ኢንባል እንዲህ አለችኝ፦ «አጎትሽ ወይ ገንዘብ ይደብቃል፣ ወይ ለአንቺ ሲል ይዋሻል። ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ወድጄዋለሁም። ግን የሚዋሽልሽ ሰው ካለ አንቺም የምትዋሺለት ሰው አለ ብዬ ማሰብ ሥራዬ ነው።» የዶሮውን ነገር ስታነብልኝ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ የከፋዩ ትክክለኛ ስም ካልቀረበ ፋይሌ ይዘጋል። ቀይ ባጁን መልሼ እወጣለሁ። እንደገና ለማመልከት ዓመታት መጠበቅ ነው። አርባ ዓመት አልፎኛል፣ አያ አግደው። ይህን ትምህርት የተማርሁት ቀን ፋብሪካ እየሠራሁ ማታ ማታ ነው። ኤልሞግ በስሜ ያደረገውን ሁሉ ችዬ፣ ከቂርያት ጋት ወጥቼ አንድ በር ላይ ደርሻለሁ። በሩ ላይ የቆሙብኝ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ስሙን እንደሚያውቁ ገብቶኛል። ይንገሩኝ።

ትናንት ሌሊት አንድ ክፉ ነገር አሰብሁ፤ ልደብቅዎት አልፈልግም። ፈቃዱ ቀርቶብኝ ወደ ቂርያት ጋት ብመለስ ደስ የሚልዎት ይሆን ብዬ አሰብሁ። ይቅር ይበሉኝ። ግን አስቤዋለሁ።

ማንአለብሽ

&nbsp;

ቂርያት ጋት፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2023

ማንአለብሽ፤

ክፉ አላሰብሽም። እኔም አስቤዋለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰ ዕለት፣ ዝም ብል ትመለሳለች፣ ማታ ማታ የደረጃውን መብራት እያበራች ትወጣለች አልሁ በልቤ። ቀኑን ሙሉ ይህን ሳጣጥም ዋልሁ። በማግስቱ የሰንበት ልብሴን ለበስሁና ወደ ታች ወረድሁ።

ቆመሽ ከሆነ ቁጭ በይ። ዕዳሽን የከፈለችው የኤልሞግ እናት፣ አስቻለች ናት።

ሽማግሌዎቹ የተበተኑ ማታ እኔ ዘንድ መጣች። ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ስትጠርግ ኖራ ስትሰናበት የሰጧትን ካሳ ከባንክ አውጥታ፣ በሻሽ ቋጥራ ይዛው ነበር። «ይህን ወስደው ይክፈሉላት» አለችኝ። «እርስዎ ራስዎ ለምን አይሰጧትም?» አልኋት። ያለችኝን ዛሬ ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። «እኔ መሆኔን ካወቀች ታፍራለች። ካፈረች ትመለስለታለች። ልጄን አውቀዋለሁ፣ አይመለሱለትም።» ከዚያ ለማንም እንዳልናገር በኦሪት አስማለችኝ። ብሩን ቢሮው ውስጥ የቆጠርሁት እኔ ነኝ፤ ለዚህ ነው ለኢንባል «እኔ ነኝ» ስላት ግማሹ እውነት የመሰለኝ። ያንቺ አጎት ግማሽ እውነት ሙሉ እየመሰለው ነው ያረጀው።

እንግዲህ ያን ዕለት ወርጄ በሯን አንኳኳሁ። ጉዳዩን ነገርኋት፤ ባጁን፣ ቀነ ገደቡን፣ ዶሮውን ሳይቀር። ታውቂያለሽ፣ አስቻለች በዚህ ሁሉ ዘመን እኔን «እርስዎ» ከማለት ወርዳ አታውቅም። ያን ዕለት ግን አወረደችኝ።

«አንተ ሽማግሌ! እስከ ዛሬ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«በኦሪት ምዬልዎት እኮ ነው!»

«ያስማልሁህ ልጅቱን እንድትጠብቃት ነው ወይስ እንድታስርባት?»

«እንግዲያው ይፍቱኝና ስምዎን ልስጥ።»

«ስም ብቻ አይበቃቸውም። ለምን ከፈልሽ ይሉኛል። እናገራለሁ።»

«ምኑን?»

«ቼኩን ማን እንደ ጻፈ ነዋ።»

«እታለም፣ ልጅዎ ነው።»

«እኔ ነኝ የወለድሁት። አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ከዚያ ተነሥታ የጸጉር መሸፈኛዋን ለወጠች፤ የዚያኑ ቀን የምንሄድ መስሏት።

ትናንት ወደ ኢንባል ቢሮ በባቡር ሄድን። መንገዱን ሁሉ መታወቂያዋን በእጇ ይዛ ነበር፤ ቦርሳዎ ውስጥ ያስገቡት ብላት እምቢ አለች። እኔን በር ላይ አስቀሩኝ። አስተርጓሚ አዘጋጅተው ነበር፤ ኢንባል ወጥታ አየችኝና «ዶሮ አርቢው እዚሁ ይቆይ» አለች። በዚህ ሁሉ መካከል ያን ስትል ሳቅሁ።

አስቻለች ውስጥ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ምን ብለው ተናገሩ አላልኋት። ባቡሩ ውስጥ በመስኮት ስታይ፣ ስታይ ቆይታ የሎድን ጣቢያ ካለፍን በኋላ «የልጄን ስም በየፊደሉ አስነገሩኝ» አለችኝ።

ስለ ዋሸሁ ይቅር በይኝ። ስለ አዘገየሁብሽ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ይቅር በይኝ። አንቺ ሽማግሌዎቹ ፊት ዝም አለች ብለሽ ተቀየምሻት። እኔ ዝምታዋን ስጠብቅላት ኖርሁ። ሁለታችንም ያወቅነው ግማሿን ነበር።

አግደው

&nbsp;

ቂርያት ጋት፣ ማርች 19 ቀን 2023

ለወንድሜ ልጅ ለማንአለብሽ፤

እንኳን ደስ ያለሽ! ፈቃዱ መጣ ያልሽበትን ደብዳቤ አንብቤ እንደ ጨረስሁ በረንዳ ላይ ወጥቼ ለሚያልፈው ሁሉ ልነግር ነበር፤ ከዚያ ምስጢር መሆኑ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ እጄን አወዛወዝሁ። አንድ የማላውቀው ሰው መልሶ አወዛወዘልኝ።

ቀዩ ባጅ በመነሣቱ ደስ ብሎሽ፣ ኔታ ከእንግዲህ ስለማትዘፍንልሽ ቅር ማለትሽ አያስቅም። እኔ ይገባኛል። ሰው ሲያምንሽ ብቻሽን ይለቅሻል። ከእንግዲህ ስለ ሥራሽ አንድም አልጠይቅሽም፤ ስለ ካርሚኤል ዝናብ ጻፊልኝ፣ ይበቃኛል።

ጥያቄዎችሽን እንደ መጡልኝ ልመልስ። ገንዘቡን እመልሳለሁ ያልሽውን ከእኔ ወዲያ ለማንም አታንሺው። አስቻለች ፊት ካነሣሽው በሩን ትዘጋብሻለች፤ እኔንም ከነጉልበቴ ታባርረኛለች። ምን ብለሽ እንደምትጠሪያት ጠይቄያታለሁ። «ትጥራኝ እንጂ በፈለገችው ትጥራኝ» ብላለች። በረዑት ሰርግ ስለሆነው ይቅርታ መጠየቅ ይገባኛል ወይ ላልሽው፣ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ሄጄ ጉንጬን እሰጣታለሁ። ያኔ ሳትስመው የቀረችው እሱን ነውና።

ኤልሞግን ያልጠቀስሁት ረስቼው አይደለም። ለእሱም ደውለውለታል። ምን እንዳሉት አላውቅም። በማግስቱ መጣ። ደረጃው ላይ ነበርሁና ሰላም ብዬዋለሁ፤ አልመለሰልኝም። የእናቱን በር ከፈተ፣ ሳይገባ ቆመ። «በእኔ ላይ መሰከርሽ?» አላት። «አዎ ልጄ» አለችው። በሩን እንኳ አላላተመውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላትመው ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ከአዲሲቱ ሚስቱ የወለዳቸውን ሁለት ልጆች ዓርብ ዓርብ ያመጣላት ነበር። ለእነሱ ብላ ያስገባችው የሕፃናት ቻናል አሁንም ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ቋንቋው አይገባትም። አትዘጋውም። አንድ ቀን «ልዝጋልዎት?» ብላት «ይጫወቱበት» አለችኝ። ማን እንደሚጫወት አልጠየቅኋትም። ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቃል አልወጣትም፤ ስለ አንቺ ፈቃድ ስነግራት «ተመስገን፣ እንግዲህ ልጅቱ ትረፍ» አለች፣ ከዚያ የሳሏን መድኃኒት ፈለገች።

ይህን የጻፍሁልሽ እንድትጸጸቺ አይደለም። ስትመጪ ቤቱ ለምን እንደዚያ ዝም እንዳለ፣ ለምን እንደዚያም እንደሚጮኽ እንዳይገርምሽ ብዬ ነው።

ከኤልሞግና ከልጆቹ ጋር እንዳትገጣጠሚ የትኛው ቀን እንደሚሻል ጠይቀሽኛል። ዓርብ ከቀትር በኋላ ለሰንበት ባቡር ስለሚቆም ያን ቀን የመጣ ሰው እስከ ቅዳሜ ማታ መመለሻ የለውም፤ አልጋ እኔ ጋ አለ፣ የምትበዪው ግን ታች ነው። ባለፈው ዓመት ብትጠይቂኝ ከዓርብ በቀር በፈለግሽው ቀን እልሽ ነበር።

ዓርብ ነይ።

አጎትሽ አግደው